ትኩስ ሸክላ

በጃፓን አገር፣ ኮረብታ አናት ላይ የተሠራውን አንድ ግንብ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አራት ጎሳዎች ተነጣጥቀውታል። ድል አድርጎ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የተባረረው ጎሳ አርማ የታተመበትን የጣሪያ ሸክላ ያስነቅልና የራሱን ያስደረድራል። ከዚያ "ከእንግዲህ ማንም አይነቀንቀኝም" ይላል። አራቱም ብለዋል።

አምስተኛው ጌታ ግንቡን በጠዋት ያዘ። ቀትር ላይ ቀና ሲል የራሱ የዝይ አርማ በጣሪያው ዙሪያ ተደርድሮ አየ። ደረቱን ነፍቶ ሸክላ ሠሪውን አስጠራ።

"አንተ ሽማግሌ፣ እንደማሸንፍ በምን አውቀህ ቀድመህ ሠራኸው?"

"ጌታዬ፣ እርስዎን የሚያቆም ማን አለ?" አሉ ሽማግሌው በግንባራቸው ምድር እየነኩ።

ጌታው ውዳሴው ጣፍጦት፣ የጦር አዛዡን አስከትሎ ወደ ሽማግሌው ሥራ ቤት ወረደ። መደርደሪያው ላይ የአካባቢው ጎሳ ሁሉ አርማ ተሰልፏል። "እነዚህስ በከንቱ ተደክሞባቸዋል!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከእቶኑ አፍ ላይ አንዱን ሸክላ ሲያነሳ ግን ጣቱን አቃጠለው። የቀርከሃ ቅጠል ታትሞበታል፤ የአዛዡ ቤተሰብ አርማ።

"ይሄ ለመቼ ነው?"

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉ። "ከመምሸቱ በፊት ይድረስ ተብያለሁ፣ ጌታዬ።"

ከኋላቸው አዛዡ በሩን ዘጋ።