ፍንጭቷ

እማማ አያልነሽ ድንገት ደረታቸውን ይዘው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ። የልጅ ልጃቸው ምርቃት፣ በጨቅላነቷ የሞተችባትን የእናቷን ፎቶ ለሙት ዓመቷ ባነር እያሳመረች ነበር። ፎቶውን የምታጸዳው በፎቶሾፕ፣ ባነሩን የምትሠራው በኢሉስትሬተር ነው፤ ሁለቱ ስለተያያዙ ፎቶው ላይ የነካችው፣ አፕዴት ስትለው፣ ባነሩም ላይ ይለወጣል።

“ምነው፣ ልጄን ምን አደረግሻት? ፍንጭቷስ?”

“ጥርሷ መሃል ያለው? ሻዶው መስሎኝ ደፈንኩት እኮ፣ ሾሾ” አለች፤ ባደገችበት በካሳራኒ ሰፈር አያት የሚጠራው እንዲህ ነው።

“ሻዶው ይበልሽ! ሌላ ፎቶ እንደሌለኝ እያወቅሽ! ጠፋ በይኛ!” ያንን ሳቅ በየማታቱው ታክሲ መስኮት፣ በየሰዉ ፊት ሲፈልጉ ነው የኖሩት።

“ኧረ አይጠፋም! ኦሪጅናሉ ከሥር አለ።” ምርቃት የደፈነችበትን ሽፋን አነሳችው። በፎቶው ላይ ፍንጭቷ ብቅ አለ፤ ባነሩ ላይ ግን ያቺ ፍንጭት የሌላት ባዕድ ሴት አሁንም ፈገግ እንዳለች ነበረች።

“ያችኛዋስ?”

“ቆይ፣ አፕዴት ልበለው።”

ተጫነችው። ትልቁ ባነር ላይም ልጃቸው በፍንጭቷ ሳቀች። እማማ አያልነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ምርቃት ግን እጇን ከማውሱ ሳታነሳ ምስሉ ላይ ፈዝዛ ቀረች። የካሳራኒ ልጆች በጥርሷ ስለሚቀልዱባት ከልጅነቷ ጀምሮ አፏን ሸፍና ነው የምትስቀው። አሁን ምላሷን በፊት ጥርሶቿ መሃል ባለው ክፍተት ቀስ አድርጋ አሳለፈችው።

“ሾሾ… የእኔ ከእሷ ነው እንዴ?”

አፏን በእጇ ልትሸፍን ስትል እማማ አያልነሽ ቀድመው እጇን ያዙት።

“ሳቂልኝ እስቲ፣ እናቴ” አሏት።