ለእንግዳ የተቀመጠው ቀበቶ

«ቀበቶ አላሰረም ነበር?»

ጠያቂው ፖሊስ ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ... ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው።

የዕቃ ማንሻው የፎርክሊፍቱ ሹፌር ሱሌማን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ፊት ለፊቱ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ነጠላ የተጣለበት አስከሬን አለ።

«ቀበቶስ ነበረን» አለ ሱሌማን። «ቢሮ ነው... ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው...

እዚያ መጋዘን ከፍ ያለ ቦታ የሚሠራ ሰው መሰላል አያውቅም። በፎርክሊፍቱ ሹካ ላይ የእንጨት ርብራብ ይደረጋል፣ ሰውየው ይቆምበታል፣ ሱሌማን ያነሳዋል። አለቀ። ሌላው የፈጣሪ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው እንዳይወድቅ የሚታሰሩ አዳዲስ የደህንነት ቀበቶዎች መጡ። ሠራተኛው ተመስገን አለ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ አራጋው ግን ከነላስቲካቸው ቆለፉባቸው።

ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ... የታመመ ጠያቂ፣ የሞተ ቀባሪ ናቸው። ብቻ አዲስ ዕቃ ሲነካ አይወዱም። ደሴ ቤታቸው፣ ብፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እንኳ ከተገዙ ጀምሮ ውኃ ነክቷቸው አያውቅም።

«ጋሽ አራጋው፣ ኧረ ቀበቶውን ይስጡን» ሲሏቸው...

«ለእንግዳ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን ላሳይ? እናንተ በሳምንት ጨርቅ ታደርጉታላችሁ» ይላሉ።

እንግዳው የሚመጣበት ቀን ደረሰ።

ጠዋት «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ጣሪያው ሥር መሰቀል ነበረበት።

ሱሌማን ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ለመነ። «በአላህ፣ ዛሬ እንኳ ቀበቶው ይውጣ።»

«እንግዳ ሳያየው ሊቆሽሽ? አብሽር... አንተ ብቻ ቀስ አርገህ አንሳ» ተባለ።

አነሳ።

ጨርቁን ለመወጠር ሰውነት ዘንበል ሲል ርብራቡ ተንሸራተተ...

ፖሊሱ ደብተሩን አጠፈ። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ሱሌማን በጣቱ አስከሬኑን አሳየ።

ፖሊሱ ነጠላውን ገልጦ ኪሱን ሲዳስስ... ቁልፉ እዚያው ነበር።

የሞቱት ጋሽ አራጋው ናቸው። ሌላ ሰው አጣሞ ይሰቅልብኛል ብለው ራሳቸው ነበር የወጡት።

ለቅሶው ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልታየች ብፌውን ከፈቱ። ብርጭቆዎቹን አንድ ሳያስቀሩ አወጡ።

«ለእንግዳ ብሎ ነበር ያስቀመጣቸው... ይኸው እንግዳ ሞላለት። ጠጡባቸው» አሉ።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ስሰማ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ዕቃ ቢያረጅ ይተካል፣ ሰው አይተካም። ለታይታ የቆለፍነው ነገር የገዛ ሰዋችንን ይበላል።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ ለተቆጣጣሪ ብቻ የሚወጣ ምን አለ? ቁልፉስ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

ኮሜንት ላይ ንገሩን...