የአስተርጓሚዋ ምላስ

ሼፍቸት ወረፋውን ገና ከሩቅ ሲያየው ምራቁን ጢቅ አደረገ። ጦርነቱ ካበቃ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ የኮሶቮ ሰው ግን ፕሪሽቲና ወርዶ በጀርመኖች ቪዛ ቢሮ አጥር ሥር ዛሬም እንደ ተፈናቃይ ይኮለኮላል። የላብ፣ የሲጋራና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ተደባልቆ ያቅለሸልሻል። ሁሉም የተውሶ ኮት ለብሷል፤ ሁሉም የተውሶ ታሪክ ሸምድዷል።

ከሽታው ይልቅ የሚያስጠይፈው ግን ጥያቄው ነበር። ከመስታወት ጀርባ የተቀመጡት ሰዎች የሰውን ትዳር እንደ ገበያ ዶሮ እያገላበጡ ያዩታል። "ባልሽ በየትኛው ጎኑ ይተኛል?" ይላሉ፣ አባት እደጅ ተቀምጦ። በአያቱ ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቱ በሰላም አይገባም ነበር።

አሁን ግን አንገት መድፋት ነው። ልጁን ፍሉቱራን ባለፈው ነሐሴ ለሳቢት ድሯታል። ሳቢት ሽቱትጋርት ጣሪያ ይሠራል፤ አርባውን ካለፈ ቆይቷል። ለእረፍት መጥቶ ማዘጋጃ ቤት ፈረመና ሄደ፤ ድግሱ ቪዛው ሲወጣ ይደረጋል ተባለ። የመጀመሪያ ሚስቱ ጥላው ጠፍታለች። "ክፉ ሴት ነበረች" ብሏል፤ ሼፍቸትም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ፍሉቱራ ጀርመን ከገባች ወንድሞቿን ተራ በተራ ትስባለች።

ቪዛው በጸደይ አንድ ጊዜ ተከልክሏል። ሳቢት በስልክ፣ "አሁንም ካልሆነ እፈታታለሁ፤ ሴት ሞልቷል" ብሏል።

ከቢሮው ማዶ ሻይ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እየሞላ የሚኖረው ዑስማን ሼፍቸትን በእጁ ጠራው።

"ያቺን ሚሞዛ የምትባለውን አስተርጓሚ አየሃት? ጥፍሯን ደም ውስጥ የነከረች የምትመስለዋን?"

"አየኋት። አስጠልታኛለች።"

"የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ? የነዘኪር ቤት ናት።"

ሼፍቸት ክው አለ። አያቱን የገደሉት የነዘኪር ቤት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ቤቶች ደም ሲቃቡ ኖረው፣ በኋላ እርቅ ወርዶ በሕዝብ ፊት እጅ ተጨባብጠዋል፤ ግን እጅ እንጂ ሆድ መቼ ይጨባበጣል?

"በጸደይም እሷ ነበረች" አለ ዑስማን። "ልጅህ ማር ብትናገር እሷ ሬት አድርጋ ታቀርበዋለች። ለሷ ምኗ ነው? ፈረንጁ አልባንያኛ አይሰማ፣ አንተ ጀርመንኛ አትሰማ።"

ሼፍቸት የልጁን ዝግጅት አልተጠራጠረም። ከፕሪዝሬን ተነሥተው እዚህ እስኪደርሱ መኪና ውስጥ ጠይቋታል፤ የሳቢትን ወንድሞች ስም፣ የሚሠራበትን ሰፈር፣ የሚወደውን ምግብ እንደ ውኃ አፍስሳለታለች። ፍሉቱራ ጭምት ናት። የጀርመን ወታደሮች ከሰፈሩበት ካምፕ በር ላይ፣ ቡሬክ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ ቂጣ በሚጋግርበት ሱቁ፣ እሱ ከኋላ ከምድጃው ጋር ሲታገል እሷ ከፊት ለወታደሮቹ ትሸጣለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ድምጿ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም።

በሩ ላይ ከቆሙት ሁለት ጀርመናውያን ጠባቂዎች አንዱ የሼፍቸትን ነጭ ቆብ አይቶ ለጓደኛው የሆነ ነገር አለው። ፍሉቱራ ከንፈሯን ነከሰች።

"ምን ያስገለፍጥሻል? ጥርስሽን ሰብስቢ!"

"ምንም አባዬ፣ ፍርሃት ነው።"

እሷ ገባች፤ እሱ አግዳሚው ላይ ቀረ። በመስታወቱ በር በኩል የልጁን ጀርባና የሚሞዛን ፊት ያያል። ፍሉቱራ ፊቷን ወደ ፈረንጁ አድርጋለች። ሚሞዛ ጥፍሯን ትሞርዳለች። የሰው ዕድል በአፏ ላይ ተንጠልጥሎ ጥፍሯን ትሞርዳለች!

ፍሉቱራ ስትወጣ ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

"ከለከሉኝ አባዬ። ባልና ሚስቱ አይተዋወቁም አሉ።"

"አትተዋወቁም? ያጠናሽውን አልነገርሽም?"

"ሁሉንም ተናግሬያለሁ።"

"አውቄያለሁ! ሂጂ መኪና ውስጥ ጠብቂኝ።"

ሚሞዛን ለምሳ ስትወጣ አጥሩ ጥግ ላይ አገኛት። መንገዱን ዘጋባት።

"አንቺ የነዘኪር ዘር! እጅ ጨብጠን ደሙን ይቅር ተባባልን ስንል፣ ቂማችሁን በልጄ ትወጡብኛላችሁ?"

"አጎቴ፣ ያሳልፉኝ። እርቦኛል።"

"በአባትሽ ቃል ንገሪኝ! የልጄን ንግግር አጣመሽዋል ወይስ አላጣመምሽም?"

ሚሞዛ ከትከሻው በላይ አሻግራ፣ ፍሉቱራ ወደተቀመጠችበት መኪና ተመለከተች።

"አጣምሜዋለሁ" አለች።

ሼፍቸት እንዲህ በቀላሉ ታምናለች ብሎ አልጠበቀም።

"በጸደዩም ጊዜ?"

"በጸደዩም። ይሂዱና ይክሰሱኝ። ክሱን ግን የምተረጉመው እኔው ነኝ።"

"ሴት ሆነሽ ተረፍሽ" አላት። ጫማዋ ሥር ምራቁን ጢቅ አደረገ፤ ቁጣው ውስጥ፣ ልክ መሆኑን ያወቀ ሰው ደስታ ነበረበት። ከዚያ ነገሩን ለዑስማን ሊነግር ወደ ሻይ ቤቱ ተሻገረ።

ሚሞዛ ጫማዋን በሳሩ ጠራርጋ በመኪናው አጠገብ ስታልፍ ፍሉቱራ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና፣ ከአስተርጓሚዋ ከራሷ በጠራ ጀርመንኛ፣ "ሁለቱንም ጊዜ እኔው ምን እንዳልኳቸው ለአባቴ ስላልነገርሽው ውለታሽን አልረሳም" አለቻት።