ዝቅ ያለው መሰንቆ

«ጨምሪው አልኩሽ» አለ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ መድረኩ ሥር ቆሞ። «የእሁድ ምሳ ነው፤ ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው እኮ።»

መሰንቆ ተጫዋቿ ቀና ብላም አላየችው። በገዛ እጇ የቀነሰችውን ስፒከር ጭራሽ አጠፋችው።

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

«እሺ ጋሼ። የዛሬውን ግን እጨርሳለሁ።»

ለራሷ የምታንጎራጉር ያህል ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ተመጋቢዎቹም ለመስማት ሲሉ አንድ በአንድ ወሬያቸውን አቆሙ። ባለቤቱ ደሙ ፈልቶ መድረኩ ላይ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ፣ ከጥግ ጠረጴዛ ሹክሹክታ የመሰለ ሻካራ ድምፅ ተሰማ።

«ተቀበይ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ስንኝ ሰጧት፤ እሷም አንድ ቃል ሳታጎድል ተቀብላ አዜመችላቸው። ሦስት እሁድ ሙሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይታለች። ግጥም እየሰጧት እንደሆነ ገብቷት ነበር፤ ከጉሮሮ ቀዶ ጥገናው የተረፈቻቸው ድምፅ ግን በስፒከሩ ጩኸት ተውጣ ትቀር ነበር።

ባለቤቱ ያነሳውን እግር መለሰ።

«አባባ?» አለ።

«ዝም በል» አሉት ልጃቸውን፤ «ግጥም እየሰጠሁ ነው።»