መርማሪው ያሸተተው ሰፈር

እማማ ቺዩ አንድ ምኞት ብቻ ነበር የቀራት፤ ከመሞቷ በፊት የራሷ መጸዳጃ ቤት እንዲኖራት። ሳቁ እንጂ ልጆቼ! ጉልበቷ እምቢ እያላት በየማለዳው የእንጨት ፖፖዋን ታቅፋ ደረጃ የምትወርደው እሷ ናት፣ እናንተ አይደላችሁ።

ሻንጋይ ዙሪያውን ፎቅ በፎቅ ስትሆን የእኛ ሰፈር ብቻ ተረስቶ ቀረ። ኋላ ወሬው መጣ፤ አንድ የማዘጋጃ ቤት መርማሪ ሰፈሩን ሊያይ ነው። ይፍረስ ካለ፣ ለሁሉም አዲስ ቤት ከነመጸዳጃው። ቅርስ ነው ይቆይ ካለ፣ ያው ፖፖ።

«በሉ፣ የሚያስጠላ ነገር ያለው ሁሉ ዛሬ ያውጣ!» አለ ጎረቤታችን ጋሽ ዳይ።

ወጣላችኋ! ፖፖው ሳይደፋ ደጃፍ ላይ ተደረደረ። የዓሣ አንጀት ቦዩ ውስጥ ተጣለ፤ ዝንብ ወረረው። ጋሽ ዳይ የገማ ካልሲውን የጋራው ምድጃ ላይ አሰጣ። የለመድኩት እኔ እንኳ አፍንጫዬን ያዝኩ።

መርማሪው መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ። ገና ሲገባ የፈሰሰ ፖፖ ረገጠ።

«ውይ፣ በሞትኩት ልጄ!» አለች እማማ ቺዩ፣ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ።

«ይሄን ዛሬም ትጠቀሙበታላችሁ?»

«ታዲያ ምን አለን? ክረምት ከበጋ በዚሁ ነው።»

ፎቶ አነሳው። የበሰበሰውን ደረጃ አነሳ። የሻገተውን ግድግዳ በጣቱ ዳሰሰ።

«ማስረጃ እየሰበሰበልን ነው» አለ ጋሽ ዳይ በሹክሹክታ።

እማማ ቺዩ የመጨረሻውን አመጣች፤ በማሰሮዋ ያቆየችውን፣ ዝልግልግ ያለ የገማ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ። ክዳኑ ሲነሳ ድመቷ ጥላ ጠፋች።

«ቅመስልኝ፣ አፈር ስሆን!»

ጎረሰ። አኘከ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ዘወር አለና ግድግዳ ተደግፎ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ፤ ትከሻው ይርገፈገፋል።

«አስመለሰው! በቃ፣ ፈረሰልን!» ጋሽ ዳይ ጭኑን መታ።



መርማሪው ተመልሶ የእማማ ቺዩን ሁለት እጅ ያዘ።

«እማማ፣ የሄድኩበት ሰፈር ሁሉ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው የጠበቀኝ። ያደግኩበትን የእናቴን ቤት ሽታ ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው።»

እንባውን ጠረገ።

«አይዞዎት! እኔ እያለሁ ከዚህ ሰፈር አንዲት ጡብ የሚነቅል የለም!»