ተማሪ አሥራ አራት

የፊዚክስ አስተማሪው የፕላኔት ሳይንስ ማስተርሱን በኦንላይን ሊጀምር ሲል ሚስቱም መመዝገብ አምሯት ነበር። «ላንቺ ይከብድሻል» አላት፣ አዝኖላት። እሷም ሳትከራከር ተወችው።

ካሜራ ኢንተርኔት ስለሚበላ ክፍሉ ውስጥ የሚከፍተው የለም፤ ሁሉም የሚታወቀው በተራ ቁጥሩ ነው። አስተማሪውን እንቅልፍ የነሳው ተማሪ አሥራ አራት ነው። ስለ ማርስ አፈር ሁለት መስመር ከጻፈ፣ አሥራ አራት ከሥሩ ገብቶ ያርመዋል።

«ዛሬም አዋረደኝ» ይላል ምሳ ላይ።

«ምቀኛ ይሆናላ፤ ተወው» ትላለች ሚስቱ፣ ወጥ እየጨመረችለት።

«ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው። መብራት ጠፍቶብኝ ከክፍል ስወጣ እኮ እሱም ወዲያው ይወጣል አሉ። የሚጨቀጭቀው ሲያጣ ምን ያድርግ!»

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሚስቱ «ራሴን አሞኛል» ብላ መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች። ፕሮፌሰሩ የዓመቱን አንደኛ ጠሩ፤ አሥራ አራት ነው። «እስቲ ዛሬ እንኳ ድምፅዎን ያሰሙን» አሉ።

አስተማሪው ጥርሱን ነክሶ የላፕቶፑን ድምፅ ጨመረ።

«እንደተነገረኝ ትንሽ ይከብዳል» የሚል የሴት ድምፅ መጀመሪያ ከመኝታ ቤቱ መጣ። ከላፕቶፑ የተሰማው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነው።