የማጥፊያው ቁልፍ ድምፅ

ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ኪቦርዴ ድምፅ የለውም። የገዛሁት ከመካኒካል ኪቦርዶች ሁሉ ርካሹን ነው፤ በየፊደሉ ሥር ያለው ስዊች የሚባለው ትንሽ ፍሬ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ተተክለው የመጡት ሰማያዊዎቹ ስዊቾች በተነኩ ቁጥር ይንቋቋሉ። ማመልከቻ ከምጽፍባት ክፍል በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ማዶ የሚሠራው ጠበቃ ሞሲሳ ሁለት ሳምንት ታገሠና «አዴ ቀለሟ፣ በቆሎ መፈልፈያ አስገባሽ እንዴ?» አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ሁሉንም ነቅዬ፣ በትርፍ ከረጢት የመጡትን ድምፅ አልባዎቹን ተከልኩ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ወይዘሮ አሰፋች ከአንገር ጉቲን በማለዳው መኪና መጥተው ከፊቴ ተቀምጠዋል። የመከላከያ መልሳቸውን እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከመንገዱ ማዶ ላለው ፍርድ ቤት ማስገባት አለባቸው። ከሳሹ ነመራ ይባላል። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሚስቱ ስትሞት የሁለት ዓመት ሴት ልጁን ሶረቲን ለጎረቤቱ ለወይዘሮ አሰፋች ትቶ ወደ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ነበር። አሁን ልጄን መልሱልኝ ይላል።

እርሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፤ እኔ ለፍርድ ቤቱ በአፋን ኦሮሞ እጽፋለሁ። ስጽፍ የማየው የተናጋሪውን ፊት እንጂ ጣቶቼን አይደለም። ማንበብ የማይችሉ ባለጉዳዮች ደግሞ ጆሯቸው ከጣቶቼ አይለይም፤ ድምፁ ሲቆም ይቆማሉ፣ ሲቀጥል ይቀጥላሉ።

«አዲስ ነው?» አሉ ኪቦርዱን እያዩ።

«አዲስ ነው። እየሞከርኩት ነው።»

«ሞክሪው እንግዲህ፤ እኔም ትንፋሼን ልሰብስብ። እስቲ ከክሱ ያችን ክፉዋን ቦታ ድገሚልኝ።»

ክሱን አነበብኩላቸው። «ከስምንት ዓመት በፊት ልጄን ልወስድ ሄጄ የለችም ተብያለሁ» ይላል። ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ።

«ይህንን ሶረቲም አንብባዋለች» አሉ። «‹እማዬ፣ እውነት ነው?› አለችኝ። ውሸቱን ነው አልኳት።» ወደ በሩ ዞረው አዩ፤ ማንም አልነበረም። «መጥቶ ነበር፣ ልጄ። እሷ ጓዳ ተኝታለች። እኔ በሩን ሞልቼ ቆሜ ወሎ ዘመዶቼ ዘንድ ሰድጃታለሁ አልኩት። ጫማ ይዞላት ነበር፤ ቀይ፣ ዘለበት ያለው። ጫማውን ተቀበልኩት። ድፍን ዓመት ስታደርገው እኔ የገዛሁላት ነበር የሚመስላት።»

ከዚያ ቀለል እንዳለው ሰው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጉ።

«በይ፣ ሞክረሽ ከጨረስሽ እንጀምር።»

ስክሪኑን አየሁ።

«እማማ፣ ተጽፏል።»

«ምኑ?»

«ጫማውም።»

ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን እጆቻቸውን ሰበሰቡ። «ሳይሰማ? እንዲህ ሌባ እንደሚገባ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አጠፋዋለሁ።»

«ሲጻፍ ያልሰማሁት ሲጠፋስ በምን አውቃለሁ? ቤት ስገባ የምታነብልኝ ሶረቲ ናት እኮ!»

መሳቢያውን ከፈትኩ። የማጥፊያውን ቁልፍ ክዳን አነሣሁ፤ ሥሩ ያለውን ስዊች በመንቀያው ነቅዬ በምትኩ አንድ ሰማያዊ ተከልኩ።

«ያዳምጡ» አልኳቸው።

በተጫንኩ ቁጥር ቋ ይላል፤ አንድ ፊደል ይሄዳል። ማጥፋት የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ጫማው ሄደ። ከዚያ ወሎ፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ ጓዳው። ወይዘሮ አሰፋች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ።

«አዴ ቀለሟ!» አለ ሞሲሳ ከማዶ። «መፈልፈያው ተመለሰ?»

«አንድ ፍሬ ብቻ ነው» አልኩት።

«አንዱም ይበቃል፤ ራሴን ፈለፈለኝ!»

ወይዘሮ አሰፋች አልሣቁም። ድምፁ ሲያበቃ «ይህን ሁሉ ነው የተናገርኩት?» አሉ።

«ይህን ሁሉ።»

«ሌሎቹን ቁልፎችም እንዲሁ አድርጊያቸው።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። የነቀልኳቸውን ድምፅ አልባ ስዊቾች እየተቀበሉ በመዳፋቸው ያጠራቅሙ ነበር። አንዱን ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ምንም አላለም።

እንደገና ጀመርን። እናቷ የሞተችበትን ወር፣ የክትባት ካርዷን፣ የወባውን ክረምት፣ የትምህርት ቤት ውጤቷን ተናገሩ። በተናገሩ ቁጥር ክፍሉ ተንቋቋ፤ እርሳቸውም ለድምፁ እየጠበቁ፣ እየመጠኑ ቀጠሉ። ከስምንት ዓመት በፊት ወደተባለው ጉዳይ ስንደርስ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ከኮምፔርሳቶው ማዶ ሞሲሳ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማ ነበር። ከስድስት ሰዓት በፊት የቀረን ግማሽ ሰዓት ነው።

መዳፋቸውን ከፍተው ስዊቾቹን ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሷቸው።

«መጥቶ ነበር፤ የለችም ያልኩት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ጫማውንም።»